ነቀዝ ስንት ነው? የቅጠል በል ጥንዚዛዎች ስምና የዘር ሐረግ

ሰኔ ላይ እናቴ ከደምቢያ የመጣውን የሽምብራ ማዳበሪያ ፈታች። ለሽሮ ልትለቅመው ነበር። ሰፌዱ ላይ ስትዘረግፈው ግማሹ ፍሬ ተበስቷል። ቀዳዳው ክብ ነው፤ ጠርዙም ንጹሕ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በቀጭን መሰርሰሪያ የሠራው ይመስላል። ገና ያልተበሳው ፍሬ ላይ ደግሞ ነጫጭ ነጥቦች ተለጥፈዋል። በጥፍር ቢነኳቸው እንኳ ቶሎ አይለቁም።

«ነቀዝ ገብቶበታል» አለች።

በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን በቆሎ ነቀዘ። ከዳባት የመጣው አጎቴም «ዘንድሮ አተሩን ነቀዝ ፈጀው» እያለ ያዝናል። ሦስቱ ቡና ላይ ተገናኙና ተስማሙ፤ አንድ መድኃኒት ይገዛና ለሦስቱም ይደረግ።

ይህ ጽሑፍ የተጀመረው እዚያ ቡና ላይ ነው። ምክንያቱም ሦስቱ ነቀዞች ሦስት የተለያዩ እንስሳት ናቸው። የሽምብራውና የአተሩ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም «ቅጠል በል ጥንዚዛ» ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ይወለዳሉ። የበቆሎው ግን ከሌላ ቤት ነው። ዘመዳሞቹ ራሳቸው ጠባያቸው ስለሚለያይ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ይህን ልዩነት አጥርቶ የሚይዝልን ብዙ ሰው «የፈረንጅ ስም ምን ያደርግልኛል?» ብሎ የሚያልፈው ሳይንሳዊ ስም ነው። ስለዚህ ስሙ እንዴት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያወጣውና ለምን እንደሚለወጥ ቀስ ብለን እንየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቅጠል በል ጥንዚዛ የሚባለው የቱ ነው?

ጥንዚዛን ከሌሎች ነፍሳት የሚለየው ጀርባው ነው። የፊት ክንፎቹ ጠንክረው ክዳን ሆነዋል። የሚበርባቸው ስስ ክንፎች ከክዳኑ ሥር ታጥፈው ይቀመጣሉ። እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች 400,000 ገደማ ናቸው። ሳይንስ ከሚያውቃቸው እንስሳት ሁሉ ሩብ ያህሉ ጥንዚዛ ነው ማለት ነው።

ከእነዚህ መካከል ከ35,000 በላይ የሚሆኑት የቅጠል በል ጥንዚዛዎች ቤተሰብ ናቸው። የቤተሰቡ ሳይንሳዊ ስም ክሪሶሜሊዴ ነው። መጀመሪያው ላይ ያለው «ክሪሶስ» በግሪክ ወርቅ ማለት ነው፤ ብዙዎቹ እንደ ብረት ያንጸባርቃሉና። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነሐስ የመሰሉ አሉ። አብዛኞቹ ከጤፍ ፍሬ እስከ ባቄላ ፍሬ ባለው መጠን ውስጥ ይወድቃሉ።

ጓሮ ጎመን የዘራ ሰው ሳያውቃቸው አይቀርም። ችግኙ ገና ሁለት ቅጠል እንዳወጣ ቅጠሉ ወንፊት ሆኖ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች እንደ ቁንጫ ተስፈንጥረው ይጠፋሉ። የኋላ እግራቸው ጭን ውስጥ እንደ ሞላ የሚወጠር ነገር አለ፤ ሲለቁት ያስፈነጥራቸዋል። ጎመንና ዘመዶቹን በብዛት የሚያጠቃው ወገን ፊሎትሬታ ይባላል። ትርጉሙ «ቅጠል በሺ» እንደ ማለት ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ስም ከሥራ ጋር ተገናኘ።

ሌሎቹም ጠባያቸው ይገርማል። ኤሊ የሚመስሉት ካሲዳዎች እጭ ሳሉ የገዛ ኩሳቸውንና የጣሉትን ቆዳ ጀርባቸው ላይ ተሸክመው ከጠላት ይከለሉበታል። ክሪፕቶሴፋለስ በሚባለው ወገን ደግሞ እናትየዋ እያንዳንዱን እንቁላል በኩስ ትለብጠዋለች። እጩ ሲፈለፈል ያንኑ ልባስ ቤት አድርጎ እየጎተተ ይኖራል። በደቡባዊ አፍሪካ በካላሃሪ አካባቢ ያሉ የሳን አዳኞች ዲያምፊዲያ ከሚባለው ወገን እጭ የፍላጻ መርዝ ያወጣሉ።

ይህን ሁሉ የተለያየ ፍጥረት አንድ ቤተሰብ ነው ያሰኘው ምንድን ነው? ብዙ ምልክት አለ፤ እኔ የምወደው ግን እግሩን ነው። የጥንዚዛውን መዳፍ በማጉያ መነጽር ብታዩት አራት አንጓ ትቆጥራላችሁ። እውነቱ አምስት ነው። አራተኛው በጣም ትንሽ ሆኖ፣ እንደ ልብ ቅርጽ ለሁለት በተከፈለው ሦስተኛው አንጓ መካከል ተደብቋል። ይህ የተደበቀ አንጓ ቀንዳቸው ረጅም በሆኑት ዘመዶቻቸውና እንደ በቆሎው ባሉት ባለ ኩምቢ ነቀዞችም ይገኛል። ስለዚህ እግር ብቻውን አይበቃም። የአንቴናውን ርዝመት፣ የአፉን ቅርጽና የእጩን አካል ጨምሮ ማየት ያስፈልጋል።

ቅጠል የማይበላው የሽምብራ ነቀዝ እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ምን ይሠራል?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሽምብራው ነቀዝ ዕድሜውን ሙሉ ቅጠል አይበላም። እጩ ፍሬ ውስጥ ተወልዶ ፍሬ ውስጥ ያድጋል። ታዲያ በምን ሒሳብ ቅጠል በል ተባለ?

መልሱን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ዘር መቁጠር ነው። ጎንደር ውስጥ ልጅ ሊዳር ሲል ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሲቆጥሩ «ሙያው ምንድን ነው? የት ይኖራል? ምን ይበላል?» ብለው አይጠይቁም። የሚጠይቁት «ከማን ተወለደ?» ብለው ነው። ከወንድማማቾቹ አንዱ ወደ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ነጋዴ ቢሆን፣ ልጆቹ ከዘሩ አይፋቁም። ፍቀናቸው ብንቆጥር ቆጠራው ይሳሳታል፤ ዘመዳሞችን እናጋባለን።

የሥነ ሕይወት ምደባም እንዲሁ ነው፤ ዋና ዋና ደረጃዎቹም እንደ አጋጣሚ ሰባት ናቸው። ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ ቤተሰብ፣ ወገን፣ ዝርያ። የሽምብራውን ነቀዝ ከላይ ወደ ታች ብንወርድ እንስሳ ነው፤ እግሩ አንጓ ያለው ነው፤ ነፍሳት ነው፤ ጥንዚዛ ነው፤ ቅጠል በል ነው፤ ወገኑ ካሎሶብሩኩስ ነው፤ ዝርያው ቺኔንሲስ ነው። በመካከል ንዑስ ደረጃዎችም አሉ፤ ከእነሱ መካከል ለእኛ የሚያስፈልገን «ንዑስ ቤተሰብ» ነው።

ጥራጥሬ የሚበሱት ነቀዞች ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ተደርገው ሲቆጠሩ ኖረዋል። ስማቸው ብሩኪዴ ነበር። ኋላ ላይ የአካላቸው አሠራር፣ የእጮቻቸው ቅርጽ፣ በቅርቡም ዲኤንኤያቸው ሲመረመር ግን ቅርንጫፋቸው የበቀለው ከቅጠል በሎቹ ግንድ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ቅጠል ከሚበሉ አያቶች ወርደው ሙያ የቀየሩ የልጅ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለብቻ ማቆማቸው ቀረና ወደ ቤተሰቡ ተመለሱ። ዛሬ 1,700 ያህል ዝርያዎች ያሉት ንዑስ ቤተሰብ ናቸው፤ ስሙም ብሩኪኔ ሆኗል።

ልዩነቱን አያችሁት? ብሩኪዴ፣ ብሩኪኔ። አንድ ፊደል ብቻ ነው የተለወጠው። በእንስሳት ስም አወጣጥ ደንብ የቤተሰብ ስም በ«ኢዴ» ያበቃል፤ የንዑስ ቤተሰብ ስም በ«ኢኔ» ያበቃል። አንድ ስም መጨረሻው ብቻ ተሰምቶ ማዕረጉ ይታወቃል ማለት ነው። ከዚያች አንድ ፊደል ኋላ የብዙ ሰው የዓመታት ሥራ አለ። ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

የድሮ የግብርና ጽሑፎች ውስጥ ብሩኪዴ የሚለውን ብታገኙ አትደናገጡ። ያው እነሱ ናቸው።

ስሙ ለምን ሁለት ቃል ሆነ? ለምንስ በላቲን?

ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆማችሁ «ሙሉቀን!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ሰው ዞር ይላል? የአባት ስም ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይጠራል። ሳይንሳዊ ስምም እንዲሁ ሁለት ቃል ነው። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን። እዚያ ግን የወገኑ ስም ይቀድምና የዝርያው ይከተላል። «ብሩኩስ ፒሶሩም» ሲባል ብሩኩስ ወገኑ ነው። ፒሶሩም የራሱ መለያ ነው፤ በላቲን «የአተሮች» ማለት ነው። የአጎቴ አተር ነቀዝ ይኸው ነው።

ብሩኩስ የሚለው ቃል ራሱ የቆየ ታሪክ አለው። በግሪኩ ትንቢተ ኢዩኤል ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ እያለ በሚቆጥረው ቦታ ላይ ሰብል አጥፊ ሆኖ ከተጠቀሱት አንዱ ብሩኮስ ነው። ለነቀዝ የሚገባ ስም ነው።

ላቲን የተመረጠበትን ምክንያት የጎንደር ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከትግራይም የመጣ የአብነት ተማሪ እዚህ ሲገናኝ የሚያግባባው ግእዝ ነው። ግእዝ የማንም የአፍ መፍቻ ስላልሆነ ማንም «የኔ ነው» አይለውም፤ የቃሉ ፍቺም በየሰፈሩ አይለዋወጥም። ላቲን ለሥነ ሕይወት የሚያገለግለው እንደዚያ ነው። ቻይናዊውም፣ ብራዚላዊውም፣ የእኛው ተመራማሪም ካሎሶብሩኩስ ሲል አንድ ነገር ያወራል።

የአገር ስም ይናቅ ማለት አይደለም። «ነቀዝ» የሚለው ቃል ለገበያና ለጓዳ በቂ ነው። እንደ የቤት ስም ቁጠሩት። የቤት ስም ይጣፍጣል፤ ግን አንድ ሰው ሦስት ሊኖረው ይችላል፤ ሦስት ሰውም በአንዱ ሊጠራበት ይችላል። ሳይንሳዊው እንደ ክርስትና ስም ነው፤ በመዝገብ የሰፈረ አንድ ነው።

ስም የሚያወጣው ማን ነው?

ብዙ ሰው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ስም የሚያድል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ደንቡን የጠበቀ ማንኛውም ሰው ማውጣት ይችላል። ደንቡን የሚጠብቀው በ1895 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ነው። አሁን የሚሠራበት አራተኛው እትም ከጥር 1 ቀን 2000 ጀምሮ ጸንቷል። ከ2012 ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ጽሑፍም፣ ዙባንክ በሚባለው መዝገብ ከተመዘገበ፣ ተቀባይነት አለው።

ዋና ዋናዎቹ ግዴታዎች ቀላል ናቸው። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ጥንዚዛው ከሌሎች በምን እንደሚለይ ይገለጻል። ጽሑፉ ታትሞ ለሕዝብ ይቀርባል። አንድ ናሙና ደግሞ ተመርጦ «የስሙ ባለቤት ይህ ነው» ይባልና በሙዚየም ወይም በመሰል ቦታ ይቀመጣል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ አይወራለትም፤ ግን ትልቁ ነው። ገበያ ውስጥ በስፍር ክርክር ሲነሳ የሚያስታርቀው ዋናው ቁና ነው። ሁሉም ቁና ከዚያኛው ጋር ይተያያል። ናሙናውም እንዲሁ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሁለት ሊቃውንት «ይህ ጥንዚዛ ያ ነው፣ አይደለም» ብለው ቢለያዩ፣ ሄደው መርፌ ላይ የተሰካችውን ያችን አንዲት ጥንዚዛ ያያሉ። ስሙ የታሰረው ከእሷ ጋር ነው።

አንዳንዴ ልዩነቱ ከውጭ አይታይም። በአውሮፓ የስንዴና የገብስ ቅጠል የሚበላው ኡሌማ ሜላኖፑስ ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ይመስል ነበር። የመራቢያ አካሉ ሲመረመር ግን ተመሳስለው አብረው የኖሩ ሁለት ዝርያዎች መሆናቸው ታወቀ። ቀለም ያታልላል፤ የተደበቀው አካል ግን እንደ ቁልፍና ጋን ነው፤ ለራሱ ዝርያ የተሠራ ነው።

የቤተሰቡን ስም ያቆመው ፈረንሳዊው ፒየር አንድሬ ላትሬይ ነው፤ በ1802። የዚህን ሰው ታሪክ ዘልዬ ማለፍ አልቻልኩም። ላትሬይ ካህን ነበር። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ለመንግሥት የተጠየቀውን መሐላ ስላልፈጸመ ቦርዶ ከተማ ውስጥ ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ወለሉ ላይ ስትሄድ አገኘና በጥንቃቄ ይመረምራት ጀመር። የእስረኞቹ ሐኪም አይቶ ገረመው። ጥንዚዛዋን ቦሪ ደ ሳንቬንሳን ለተባለ የነፍሳት ነገር ለሚወድ ወጣት ወሰዳት። ወጣቱ የላትሬይን ሥራ ያውቅ ነበርና በሰው በሰው አስፈታው። አብረውት የነበሩት እስረኞች አልተረፉም። ጥንዚዛዋ ኔክሮቢያ ሩፊኮሊስ ትባላለች፤ «ሩፊኮሊስ» አንገተ ቀይ ማለት ነው። አንድ ካህን በአንገተ ቀይ ጥንዚዛ ነፍሱ ተረፈች፤ ከዚያ ወጥቶ ለጥንዚዛዎች ቤተሰብ አቆመ።

አንዴ ከወጣ ስሙ ለምን ይቀያየራል?

ሰው የሚማረርበት ይህ ነው። «ትናንት የተማርነው ዛሬ ተለወጠ» ይባላል። ምክንያቶቹ ግን ጥቂት ናቸው።

አንደኛው ቀዳሚነት ነው። ወፍጮ ቤት ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያስፈጫል። አንድ ጥንዚዛ ሁለት ሰው ሳይተዋወቅ ሁለት ስም ቢያወጣለት ቀድሞ የታተመው ይጸናል። ቆጠራው የሚጀምረው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ የእንስሳትን ሁሉ ዝርዝር በአሥረኛ እትም ካወጣበት ከ1758 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ስም አይቆጠርም።

ሁለተኛው ስም መጋጨት ነው። ለዚህ ከእኛው አገር የተሻለ ምሳሌ የለም፤ ምንም እንኳ ዕፅ ቢሆንና ዕፅዋት የራሳቸው ደንብ ቢኖራቸው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ። ኮሶን አይቶ፣ ሥሎ፣ ኋላ በጽሑፉ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ «ባንክሲያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው። ባንክሲያ የሚለው ስም ግን ቀደም ብሎ በ1782 ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ የብሩስ ስም ሊቆም አልቻለም። ኮሶ ዛሬ ሃጌኒያ አቢሲኒካ ነው። «አቢሲኒካ» የሚለው የብሩስ ቃል ግን ቀርቷል። ብሩስ ራሱም ሳይታወስ አልቀረም፤ የተቅማጥ መድኃኒት የሆነው ዋጊኖስ ብሩሲያ አንቲዲሰንቴሪካ ተብሎ በስሙ ተጠርቷል።

ሦስተኛው፣ በጥንዚዛ ዓለም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው፣ ዝርያው ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ሲዛወር ነው። እዚህ ላይ የእናቴን የቡና ጉባኤ የሚያጽናና ነገር አለ። ሊኔየስ ራሱ በ1758 የሽምብራውን ነቀዝ «ኩርኩሊዮ ቺኔንሲስ» ብሎ ነበር የሰየመው። ኩርኩሊዮ የባለ ኩምቢዎቹ ወገን ነው። የእኛ ጎረቤት በቆሎዋን ከእናቴ ሽምብራ ጋር እንደደባለቀችው፣ ሊኔየስም ሁለቱን በአንድ ቁና ሰፍሯቸዋል። የአተሩን ደግሞ «ደርመስቴስ ፒሶሩም» ብሎ ከቆዳ በሎቹ ጋር አስቀመጠው። በ1767 ብሩኩስ የሚባል ወገን አቋቋመ፤ የአተሩ እዚያ ገባ። የሽምብራው ወደ ካሎሶብሩኩስ የተዛወረው በጣም ቆይቶ ነው።

ዝውውሩ ግን ዱካ ይተዋል። የሽምብራው ነቀዝ ሙሉ ስሙ ሲጻፍ «ካሎሶብሩኩስ ቺኔንሲስ (ሊኔየስ፣ 1758)» ይባላል። ቅንፉ ጌጥ አይደለም። «የዝርያውን ስም ያወጣው ሊኔየስ ነው፤ ሲያወጣው ግን ሌላ ወገን ውስጥ ነበር» ማለት ነው። ቅንፍ ከሌለ ዝርያው ከመጀመሪያው ቤቱ አልወጣም።

ቺኔንሲስ «የቻይና» ማለት መሆኑ ግር ሊላችሁ ይችላል። ነቀዙ ዛሬ ደምቢያም አለ። ስም የተሳሳተ ትርጉም አለው ተብሎ ግን አይሻርም። መጠሪያ እንጂ መግለጫ አይደለም። ደስታ የተባለ ሰው ቢያዝን ስሙን ቀይር አንለውም።

ሦስቱን ነቀዞች በዓይን መለየት ይቻላል?

ይቻላል። ነገሩ ወደ ጓዳ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የበቆሎው፣ የስንዴውና የማሽላው ነቀዝ ሲቶፊለስ ነው። ከፊቱ እንደ ዝሆን ኩምቢ ቀጭን አፍንጫ ወጥቶለታል። ሴቷ በዚያ ፍሬውን ትፈለፍላለች፣ እንቁላሏን ትከታለች፣ ከዚያ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ስለዚህ ከውጭ ነጭ ነጥብ አታዩም። ከወጣ በኋላም ያው እህል ላይ እየበላ ወራት ይኖራል።

የሽምብራው ካሎሶብሩኩስ ኩምቢ የለውም። ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቡናማ፤ ክዳኑ አጭር ስለሆነ ጭራው ብቅ ብሎ ይታያል። ጀርባው ላይ፣ ከአንገቱ በታች፣ ሁለት ነጫጭ እብጠቶች አሉት። የወንዱ አንቴና እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ነው። እናቴ ሰፌድ ላይ ያየነው ነጭ ነጥብ እንቁላሉ ነው፤ ሴቷ ፍሬው ላይ ለጥፋው ትሄዳለች። እጩ ከእንቁላሉ ሥር በቀጥታ ወደ ፍሬው ይበሳል። ያደገው ጥንዚዛ ከደረቅ ፍሬ ምንም አይበላም፤ ጥቂት ቀን ኖሮ፣ ተራብቶ ይሞታል። ግን ሞቅ ባለ ቦታ ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ ወር አይሞላውም። የካቲት ላይ ንጹሕ የመሰለ ማዳበሪያ ሰኔ ላይ ወንፊት የሚሆነው ለዚህ ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ፣ እዚያው ጓዳ ውስጥ።

የአተሩ ብሩኩስ ፒሶሩም ይበልጣል፤ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጠባዩ ፍጹም ሌላ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው ጎተራ ውስጥ ሳይሆን ማሳ ላይ ነው፤ አረንጓዴ እሸት ላይ። እጩ ልባሱን በስቶ ለጋውን ፍሬ ይገባል፤ በአንድ ፍሬ አንድ ብቻ ያድጋል። አተሩ ሲታጨድና ሲወቃ እሱ ውስጥ ነው። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ አለው፤ ደረቅ አተር ላይ ደግሞ አይራባም።

አሁን የቡናውን ስምምነት አስቡት። የሽምብራውን ነቀዝ ጎተራ ላይ መያዝ ይቻላል። እህሉን በደንብ ማድረቅ፣ አሮጌ ማዳበሪያ አራግፎ ማጽዳት፣ ከዚያ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አስሮ ማስቀመጥ፤ ውስጡ ያለው አየር ሲያልቅበት ይሞታል። ጥቂት የምግብ ዘይት ማሸትም እንቁላሉን ያፍነዋል። ሽምብራውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡም አሉ፤ ጤፉ ክፍተቱን ሞልቶ ጥንዚዛውን መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል። በቆሎውም አየር በማያስገባው ከረጢት ይጠቀማል።

አጎቴ ግን ይህን ሁሉ ቢያደርግ ዘግይቷል። ፍሬው የተበላው ማሳ ላይ ነው። ለእሱ የሚሻለው የነቀዘ ዘር አለመዝራት፣ እሸቱ እንደደረሰ ሳይዘገዩ ማጨድ፣ ማሳ ላይ የረገፈውን መልቀም፣ እንደተወቃ ወዲያው ውስጡ ያለውን መግደል ነው። ይህንንም ከጎረቤቶቹ ጋር ካልሆነ ብቻውን አይችለውም፤ ጥንዚዛው ድንበር አያውቅምና ከጎረቤት ማሳ በርሮ ይመጣል።

ጋዝ የሚያወጣውን ክኒን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይደረግም። የሚወጣው ፎስፊን ሰውንም ይገድላል፤ ተኝታችሁ ሳትነቁ ትቀራላችሁ።

የማላውቀውን ጥንዚዛ ባገኝ ምን ላድርግ?

ፎቶ ጥሩ ነው፤ ናሙና ይበልጣል። በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል አድርጉና ጥንዚዛውን ክተቱት። ከዚያ በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፉና ወረቀቱንም እዚያው ውስጥ ጨምሩት። እርሳስ ያልኩት የብዕር ቀለም አልኮል ውስጥ ስለሚለቅ ነው። የምትጽፉት አራት ነገር ነው፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ የተገኘበት ተክል ወይም እህል፣ ያገኘው ሰው። የተክሉን ስም ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለቅጠል በል ጥንዚዛ ግን ግማሹ ማንነት ነው፤ ብዙዎቹ ከአንድ የተክል ወገን ውጭ አይነኩምና። ጽሑፍ የሌለው ናሙና ለሊቁ ብዙም አይነግረውም። ጽሑፍ ያለው ግን ወደ አቅራቢያ የግብርና ባለሙያ ወይም ዩኒቨርሲቲ ቢወሰድ መነሻ ይሆናል።

እኛም ያን ቀን አደረግነው። ባዶ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ተገኘ። እናቴ ከሰፌዱ ላይ ሦስት ነቀዝ በጣቷ ጫፍ አንስታ ከተተች። እኔ ጻፍኩ፦ ደምቢያ፣ ሰኔ 12፣ ሽምብራ። የእሷንም ስም ጨመርኩ። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው።

«ልጄ፣ ለአተሩም ሌላ ብልቃጥ ፈልግ» አለች። «አብረው አይገቡም።»